የሚቆረቁረው ቀሚስ

አሰላ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለኢየሩስ፤

የአክስትሽ የገላነሽ ሰላምታ የፍራንክፈርትን ብርድ ሰንጥቆ ይድረስሽ። እኔም ወንድም ጋሼም ደህና ነን፤ አባትሽ አሁንም ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣል፣ አሁንም ከእኔ ጋር በዚሁ ይጨቃጨቃል። ባልሽ ገናናው እንዴት ነው? ሩሐማዬስ? ሰባት ሞላት አይደል?

ይህን ደብዳቤ ከጥቅሉ ጋር የሚያደርስልሽ ከዚያ ለእረፍት የመጣው የጎረቤታችን ልጅ ኣሚር ነው። በጥቅሉ ውስጥ ያለው ቀሚስ የሩሐማ ነው። ጥልፉን እኔ ራሴ ጠለፍኩት፤ ሦስት ወር ፈጀብኝ፤ ዓይኔ ሊወጣ ነበር። ስልክ ለምን አትደውዪም እንዳትዪኝ። ጆሮዬን ታውቂዋለሽ፤ እኔ «እ?» አንቺ «አቤት?» ስንባባል ካርዱ ያልቃል። ደግሞስ ሠላሳ አራት ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማረ ሰው በወረቀት ነው የሚግባባው።

ገንዘብ አልጠይቅሽም። የምጠይቅሽ ፎቶ ነው። ልጅቷ ቀሚሱን ለብሳ አንሺያትና ላኪልኝ። ወንድም ጋሼ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዓይኑ እየደከመ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቆመ ቆየ። ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሲሰፋ ለኖረ ሰው ይህ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። «ጨርሶ ሳይጨልምብኝ የልጅ ልጄን ልያት» ይላል። ብትመጡማ እሰየው ነበር! እስካሁን ያለን አንድ ፎቶ ነው፣ እሱም ገና ጨቅላ ሳለች። ጀርመን አገር ልጅ ፎቶ ማንሳት ተከለከለ እንዴ?

ደጃችሁን መልአክ ይጠብቀው።

አክስትሽ ገላነሽ


ፍራንክፈርት፣ ሮደልሃይም፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ገላነሽ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? አባባስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ቀሚሱ ደርሶናል፤ እጅዎ ይባረክ። ለኅዳር ጽዮን ማኅበራችን ኒድ በሚባለው ሠፈር በተከራየው አዳራሽ ለብሳው ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ፎቶ ግን ስልኬ ተበላሽቶ ማንሳት አልቻልኩም። ዘንድሮ ለመምጣትም የሚመች አይመስለኝም፤ ቴርሚን በቴርሚን ሆነናል፤ ከአንዱ ቀጠሮ ወደ አንዱ ስንሮጥ ሳምንቱ ያልቃል። ሩሐማ ትንሽ ዓይን አፋር ናት እንጂ ደህና ናት።

ለአባባ ጉልበቱን ስሜያለሁ ይበሉልኝ።

አክባሪዎ ኢየሩስ


አሰላ፣ ጥር 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኢየሩስ፤

ሰላምታዬን ቀድመሽ ተቀበዪ፤ ቁጣዬ ከኋላ ይከተላል።

ስልኬ ተበላሸ ስትዪኝ ይህ ሦስተኛው ነው። ልጄ፣ እኔ «ደብተሬን ፍየል በላው» ሲባልብኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ድሮ አራት ገጽ የምትጽፊው ልጅ ዛሬ ጥቂት መስመር ጽፈሽ «ደህና» የሚለውን ቃል ደጋገምሽው። ሰው እንዲህ ደህና የሚሆነው ደህና ሳይሆን ሲቀር ነው።

ልጅቷን አሟታል? ከሆነ ንገሪኝ። ጠበሉ ሩቅ አይደለም፤ አዝዬ እወስዳታለሁ። ከገናናው ጋር ተጣልታችሁ እንደሆነም ንገሪኝ። ዝምታሽ ነው የሚያስፈራኝ። ወንድም ጋሼ በየቀኑ «ደብዳቤ መጣ?» ይለኛል። መጣ ስለው «ፎቶውስ?» ይላል። እኔም «ፖስታ ቤት ውስጥ ጠፍቶ ነው» ማለት ጀመርኩ። አየሽ፣ በስተርጅና ውሸታም አደረግሽኝ!

እውነቱን የምትጽፊበትን ብርታት ይስጥሽ።

ገላነሽ


ሮደልሃይም፣ መጋቢት 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ ገላነሽ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎን ሁለት ወር ሙሉ በቦርሳዬ ተሸክሜው ዞርኩ። ይቅር ይበሉኝ፣ ዋሽቻለሁ። ከጻፍኩልዎ ሁሉ «ሰው ሁሉ ዞሮ አያት» ያልኩት ብቻ እውነት ነው።

ሩሐማ ኦቲዝም አለባት። ይህን ካወቅን ሁለት ዓመታችን ነው፤ ለምርመራው ቴርሚን ብቻ አሥራ አራት ወር ጠብቀናል። ሐኪሟ «ተይዛ የምትድንበት በሽታ አይደለም፤ አእምሮዋ ከእናንተ በተለየ መንገድ ተሠርቷል» አለችን። እኛ የማንሰማውን ትሰማለች። የአምፖል ድምፅ ይረብሻታል። ሰው ሲነካት ያቃጥላታል፤ ሲያቅፏት የምትሸሸው ጠልታን አይደለም። የምትናገራቸው ቃላት በጣት ይቆጠራሉ፣ እነሱም ጀርመንኛ ናቸው። ሲበቃት «ፌርቲሽ» ትላለች፤ ጨረስኩ ማለት ነው።

የኅዳር ጽዮን ዕለት ቀሚሱን ሳለብሳት «ፌርቲሽ» አለች። አዳራሹ በር ላይ ደገመችው። ከበሮው ሲጀመር ጆሮዋን ይዛ ለሦስተኛ ጊዜ አለችው። ሰምቼ ዝም አልኩ። ከዚያ እልልታው ሲመጣ ጮኸች፤ ቀሚሱንም በሰው ሁሉ ፊት አውልቃ ወረወረችው። አንዲት ሴት «ምን ዓይነት ስድ ልጅ ናት፣ እናት የላትም እንዴ?» ስትል ሰማሁ። እኔም... እትዬ፣ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ወደ ውጭ ጎትቼ ክንዷን ቆነጠጥኳት። እሷ ግን አላለቀሰችም፤ የራሷን እጅ ነከሰች።

ሁለት ዓመት ሙሉ ተምሬ፣ አንብቤ፣ ስብሰባ ተቀምጬ፣ የሀገሬ ሰው ፊት ስቆም ያወቅሁትን ሁሉ ረሳሁት። አፈርኩባት። የሚቆጨኝ ይህ ነው።

አሁን ደግሞ ደስ የሚለውን ልንገርዎ። ትምህርት ቤት አብራት የምትቀመጥ ማርቲ የምትባል ረዳት አለች፤ ወላጆቿ ከአስመራ የመጡ፣ ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ። ባለፈው ወር ቦከንሃይም፣ ላይፕዚገር ሽትራሰ ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ ሩሐማ ተዘርግታ ጮኸች። እኔ ላነሳት ስታገል ማርቲ «ተዪያት» አለችኝና አጠገቧ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። አልነካቻትም፣ አላባበለቻትም። ሰው እየዘለላቸው አለፈ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሩሐማ ራሷ ተነሥታ ድምፅ የሚቀንስላትን የጆሮ መከለያዋን አጥልቃ ሄደች። ማርቲ ቀሚሷን አራግፋ ተከተለቻት። ሳይጎትቱና ሳያፍሩ መጠበቅ ይህን ያህል ጥበብ እንደሚጠይቅ አላውቅም ነበር።

ልጄም ጎበዝ ናት። በምስል ካርዶች ታናግረናለች፤ ውኃ፣ ሽንት ቤት፣ ቤት፣ ዝምታ። የባቡር ጣቢያዎቹን ሁሉ በቅደም ተከተል ትደረድራለች፤ አንዱን ባሳስት መጥታ ታስተካክለኛለች።

ግን ለአባባ እንዳይነግሩት። እዚያ ብመጣ የሚሆነውን አውቀዋለሁ፤ ሠፈሩ ሁሉ ይስማታል፣ ትጮሃለች፣ «ምን ነክቷት ነው?» ይባላል፣ እኔም እንደገና እቆነጥጣታለሁ። ያን ከማደርግ ቀሪ ሕይወቴን ባልመጣ ይሻለኛል።

ልጅዎ ኢየሩስ


አሰላ፣ ሰኔ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኢየሩስ፣ ለጎበዟ፤

ሰላምና ጤና ለሦስታችሁም። ሦስት ወር ስጠፋ ተቀየመች ብለሽ አልቅሰሻል፣ አውቅሻለሁ። አልተቀየምኩም። ሰው ፍለጋ ላይ ነበርኩ።

በ1978 ዓ.ም. ሰይፈ ገብርኤል የሚባል ተማሪ ነበረኝ። ስጠራው አይመልስም፤ ጆሮውን ይዞ ያንጎራጉራል፤ ጠመኔዎቼን በርዝመታቸው ይደረድራል። እኔም ንቀት መሰለኝና ፀሐይ ላይ አንበረከክሁት። አንድ ቀን ብቻ መሰለሽ? ሳምንት ሙሉ! እናቱ መጥታ እጁን ይዛ ወሰደችው፤ አልተመለሰም። ደብዳቤሽን ሳነብ ያ ልጅ ፊቴ ቆመ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

በየቀበሌው ስጠይቅ ቆይቼ አገኘሁት። ለካ እኅቱ አያልነሽ የኛው ዕድር አባል ናት! ስንት ዘመን አብረን ስንቀብር ወንድም እንዳላት አላወቅሁም፤ ቤት ውስጥ ነው የኖረው። ዛሬ ጸጉሩ ሸብቷል። ምስር ይለቅማል፤ እሱ የለቀመው ምስር ውስጥ ጠጠር ያገኘ የለም፣ ነጋዴዎቹ ከሩቅ ይልኩለታል። «ይቅር በለኝ» አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም። ያጋደለውን ጃንጥላዬን ግን ከግድግዳው ጋር ቀጥ አድርጎ አቆመልኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን እስከ ቤቴ እያለቀስኩ ሄድኩ።

አያልነሽን ብታያት! ሐኪም አላየች፣ መጽሐፍ አላነበበች፤ አርባ ዓመት እሱን እያየች ተማረች። «እንግዳ ሲመጣ ዋዜማውን እነግረዋለሁ» አለችኝ። «ሳህኑን አልቀይርበትም። ሲከፋው በሩን ገርበብ አድርጌ ደጅ እቀመጣለሁ።» ያንቺ ማርቲ ደረጃ ላይ የተቀመጠችው ይኼው አይደለም?

አሁን ደግሞ ተቆጪኝ፤ ለወንድም ጋሼ ነግሬዋለሁ። አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከመው የማይችለው ነገር አለ። ሙሉውን አነበብኩለት፣ የቁንጥጫውንም። እሱስ ምን አለ መሰለሽ? «ጥልፉ ከውስጥ በኩል ክሩ ይቆረቁራል፤ ገበር ያስፈልገው ነበር። ሸሚዝ የቆረቆረው ሰው ስድ አይባልም፤ የሚወቀሰው ሰፊው ነው።» ሰፊዋ ደግሞ እኔ ነኝ! ቀሚሱን መልሰሽ ላኪው ብሏል።

ፎቶ ይቅርብኝ። አሁን የምፈልገው ሌላ ነው፤ ምን ምን ድምፅ ያስፈራታል? ምን ትበላለች? ምን ዓይነት ጨርቅ ትወዳለች? ምንም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ። እኔ ትንሽ የምሰማ፣ እሷ ብዙ የምትሰማ፤ መሐል ላይ እንገናኝ ይሆናል።

ጉልበትሽን የሰጠሽ አምላክ አይንሣሽ።

ገላነሽ


ሮደልሃይም፣ ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣ ለመምህሬ፤

እንደምን ከረሙልኝ? ደብዳቤዎን ባቡር ውስጥ ከፍቼ መውረጃዬን ሁለት ጣቢያ አለፍኩ። አባባ ስለ ገበሩ ያለውን ለገናናው ሳነብለት የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ለሐኪሞቹ፣ ለትምህርት ቤቱ፣ ለራሳችንም ስንት ጊዜ አስረዳን፤ እንዲህ አሳጥሮ የነገረን ግን የለም።

ቀሚሱን ልኬዋለሁ። እሷ የምትወደው ለስላሳ፣ ብዙ የታጠበ ጥጥ ነው። ነጭ ሩዝና ድንች ትበላለች፤ ሳህን ላይ እንዳይነካኩ። የውሻ ጩኸት አያስፈራትም፤ ሳይታሰብ የሚመጣ የሰው ጩኸት ነው የሚያስፈራት።

እትዬ፣ ልንመጣ ነው። ለጥቅምት ፌሪየን፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ። ማርቲ ጉዞውን ከመነሻ እስከ መድረሻ በሥዕል የሚያሳይ ትንሽ መጽሐፍ እያዘጋጀችላት ነው፤ በየቀኑ አንድ ገጽ እናሳያታለን። አሁን ፎቶ ለማኟ እኔ ሆንኩ! የቤታችሁን በር፣ የምትተኛበትን አልጋ፣ ሽንት ቤቱን፣ አባባ የሚቀመጥበትን አግዳሚ ወንበርና እናንተን አስነሥተው ይላኩልኝ። አደራ፣ በሩን ቀለም እንዳትቀቡት።

የምፈራው አቀባበሉን ነው። የእርስዎን እልልታ አውቀዋለሁ፤ በሰርጌ ቀን ሦስት ሠፈር ተሻግሮ ተሰምቷል። እንዴት ብዬ «እልል አይበሉ» ልበልዎ? ሰባት ዓመት ጠብቃችሁን እንዴት «አትሳሟት» ልበላችሁ?

ጉልበትዎን እስማለሁ።

ኢየሩስ


አሰላ፣ መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢየሩስ፤

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ። ፎቶዎቹ እነሆ። የፎቶ ቤቱ ሰው ሽንት ቤቱን አንሣ ስለው ያበድኩ መሰለው። ወንድም ጋሼ ኮቱን ካልለበስኩ አልነሣም ብሎ ግማሽ ቀን አስጠበቀን።

ለዕድሩ ሴቶች ትምህርት ሰጠሁ። አትሳቂ! ሰሌዳ ተበድሬ፣ ጠመኔ ገዝቼ። «እንግዳዋን ማንም አይስማት» ስላቸው አንዷ «እንግዳ ሳይሳም? ጠብ ያለን ነው የሚመስለው!» ብላ ጮኸች። ሁካታ ሆነ። ያኔ አያልነሽ ከኋላ ብድግ አለች። ስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም። «እኔ ወንድም አለኝ» አለች። «እንዳትስቁበት ብዬ አርባ ዓመት ደበቅሁት። እሱን ለመውደድ መሳም አላስፈለገኝም።» ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። በማግስቱ ስንቱ ምስር ለማስለቀም ደጇ ቆመ መሰለሽ! ጉድ ነው፣ አሁን ሰይፈ ገብርኤልን ሁሉም ያውቀዋል።

ሰላምታችን መዳፍ ማሳየት ነው፤ ተስማምተናል። «ፌርቲሽ» ካለች ሁሉም ወደ ኋላ ይላል። አስጠናኋቸው። አርባ ሴቶች በአንድ ድምፅ «ፌርቲሽ!» ሲሉ የሰማ መንገደኛ ምን እንዳለ እንጃ።

ቀሚሱን ወንድም ጋሼ ራሱ ገበር አበጀለት። የራሱን አሮጌ የጥጥ ሸሚዝ ቀደደና በጣቱ እየዳበሰ ሰፋው፤ የእኔ ሥራ ክር ማስገባት ብቻ ነበር። ስፌቱ ትንሽ ጠምዘዝ ብሏል፤ ከውስጥ ስለሆነ አይታይም።

የቀረን የኔ እልልታ ነው። እሱን ምን እንደማደርገው ገና አላወቅሁም። በደህና ያምጣችሁ።

ገላነሽ


ሮደልሃይም፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ ገላነሽ፤

በደህና ገብተናል። እዚያው አብረን ከርመን ምን ትጽፍልኛለች ይሉ ይሆናል። እርስዎ ያላዩትን ልጽፍልዎ ነው።

ሚኒባሱ ሲቆም ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ጩኸቱን እየጠበቅሁ። ምንም የለም። ዓይኔን ስገልጥ መንገዱ ግራና ቀኙን በሰው ተሞልቷል፤ ሕፃናቱ ሳይቀሩ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ጸጥ ብለው። እርስዎ በሩ ጋ ቆመዋል፣ ሁለት እጅዎን በአፍዎ ላይ ጭነው፣ እንባዎ በጣቶችዎ መሐል እየወረደ። የእርስዎ እልልታ ምን ያህል እንደሚከብድ የማውቅ እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ ሩሐማ የጆሮ መከለያዋን አወለቀች። እትዬ፣ ከቤታችን ውጭ፣ ሰው ባለበት፣ አውልቃው አታውቅም። አውልቃ አንገቷ ላይ ሰቀለችው፤ መጽሐፏን ገልጣ የበሩን ፎቶ ከበሩ ጋር አስተያየች፤ ከዚያ እጄን ሳትይዝ ቀድማኝ ገባች።

አባባ አልጠራትም፣ እጁን አልዘረጋም። የሸሚዝና የኮት ቁልፎች ያሉበትን የቆርቆሮ ጣሳ ትሪ ላይ ገለበጠና መለየት ጀመረ፤ እሱ በጣቱ በመጠን፣ እሷ ከማዶ ተቀምጣ በቀለም። በየቀኑ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲያ ይቀመጡ ነበር፤ አንድ ቀንም «ፌርቲሽ» ስትል አልሰማሁም። በሦስተኛው ቀን ቀሚሱን አልጋዋ ላይ ትቼላት ወጣሁ፣ ልበሺ ሳልላት። ገልብጣ ገበሩን ጉንጯ ላይ አሸችው። ከዚያ ለበሰችው፤ የቀረውን እርስዎም ያውቃሉ፣ ለማጠብ እንኳ አልሰጥ አለችን።

የተመለስን ዕለት እርስዎ ሻንጣ እያስጫኑ ነበር። እኔ ትሪው አጠገብ ተንበርክኬ «ሩሐማ፣ ፌርቲሽ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። አንድ ቀይ ቁልፍ ከቀዮቹ ጋር አኖረችና «ኒሽት ፌርቲሽ» አለች። አልጨረስኩም ማለቷ ነው። ልጄ ሁለት ቃል ስታገናኝ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አባባ «ምን አለች?» ሲለኝ ነገርኩት፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

የጠየቁኝን ፎቶ በመጨረሻ ልኬልዎታለሁ። ሩሐማ ቀሚሱን ለብሳ፣ አባባ ኮቱን ለብሶ፣ ሁለቱም ትሪው ላይ አቀርቅረው። ፊታቸው በደንብ አይታይም። እኔ ግን ከዚህ የሚበልጥ ፎቶ የለኝም።

ባለፈው እሑድ ቀሚሱን አልብሻት ኒድ ወዳለው አዳራሽ ሄድን። ከበሮው ሳይጀመር «ፌርቲሽ» አለች፤ ወዲያው ይዣት ወጣሁ። ያቺው ሴት አየችን። አላፈርኩም።

ልጅዎ ኢየሩስ


አሰላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢየሩስና ለሩሐማዬ፤

ሰላምታዬ ሳይጮህ ይድረሳችሁ።

እልልታዬ የት ገባ ብለሽ ከሆነ፣ መኪናችሁ ከዓይን እንደራቀ ጓሮ ገብቼ ለቀቅሁት። ዶሮዎቹ ተበተኑ። ልትሸኛችሁ መጥታ የነበረችው አያልነሽም ከአጥር ማዶ ተቀበለችኝ።

ፎቶው ደርሷል። ወንድም ጋሼ መስኮቱ ሥር ይዞት ተቀመጠ፤ አቀረበው፣ አራቀው። ምን ያህል እንደታየው አልጠየቅሁትም። ጠምዛዛው ስፌት ባለበት በኩል በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ሲዳብሰው ነበር።

ትሪው እንደተዋችሁት አለ፤ ቀዩ ለብቻ፣ ነጩ ለብቻ፣ መሐል ላይ ገና ያልተለየው ክምር። ወር ሙሉ አቧራ ሲጠጣ አይቼ ትናንት ወደ ቆርቆሮው ልመልሰው ተነሣሁ። ወንድም ጋሼ እጄን ያዘኝ።

«ተይው» አለኝ፤ «ኒሽት ፌርቲሽ።»

አክስትሽ ገላነሽ